ዝናብ የዘገየበት ማሳ፦ በቆሎና አኩሪ አተር በኢሊኖይ፣ በጋ 2023

የማሳ_ዘብ | ማዕከላዊ ኢሊኖይ | ጁን 27 ቀን 2023

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 20 ነው። አገር ቤት በዚህ ሰሞን ገበሬው የእግሩን ጭቃ እየጠረገ ነው የሚውለው። እኔ በምሠራበት አካባቢ ግን በአኩሪ አተሩ ረድፎች መካከል መሬቱ ተሰንጥቋል። ዛሬ ጠዋት እርሳሴን ስንጥቁ ውስጥ ብሰደው እስከ ጫፉ ገባ።

ለማታውቁኝ፣ ሥራዬ የማሳ ክትትል ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም የገበሬዎችን ማሳ በእግሬ እየዞርኩ ሰብሉ ያለበትን ሁኔታ እነግራቸዋለሁ። ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት ሰሞኑን በዚህ መድረክ «የአሜሪካ በቆሎ አለቀለት» የሚል ጽሑፍ ስለበዛ ነው። እስከ አዝመራ ድረስ የማየውን በየጊዜው እጽፋለሁ። ጥያቄ ያለው ይጠይቅ፤ ማሳ ያለው ደግሞ የራሱን ይጻፍ።

ወሬው ከየት እንደመጣ ልናገር። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በየሰኞው ከሰዓት በኋላ የሰብል ሁኔታ ያወጣል። ትናንት የወጣው በአገር አቀፍ ደረጃ ጥሩና በጣም ጥሩ የተባለው በቆሎ 50 በመቶ፣ አኩሪ አተሩ ደግሞ 51 በመቶ ብቻ መሆኑን ያሳያል። ለበቆሎ በዚህ ሳምንት ከ1988 ወዲህ እንዲህ ዝቅ ብሎ አያውቅም። የእኛ ክፍለ ግዛት ኢሊኖይ በበቆሎ 26 በመቶ ላይ ነው። ባለፈው ሐሙስ የወጣው የድርቅ ካርታም ከአገሪቱ የበቆሎ መሬት 64 በመቶው ድርቅ ውስጥ ነው ብሏል።

ቁጥሩ ያስደነግጣል። እኔም ደንግጬ ነበር። ስለዚህ ዛሬ አካፋ ይዤ ወጣሁ። ሰማዩ ከካናዳ በመጣው የደን ቃጠሎ ጭስ ግራጫ ሆኗል፤ ፀሐይዋ እንደ ብርቱካን ትታያለች። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የበቆሎው ቅጠል ተጠቅልሎ የአናናስ ቅጠል መስሏል። ከላይ ለሚያየው ያለቀለት ማሳ ነው። ግን በአንድ ተክል ጎን ቆፈርኩ። የመጀመሪያው ስንዝር አመድ ነው። በሁለተኛው አፈሩ መጥቆር ጀመረ። ክንዴን ያህል ስወርድ ጭብጥ አድርጌ ስጨምቀው የጣቶቼ ምልክት ቀረበት። ሥሩም እዚያ ደርሷል፤ ነጭ፣ ሕያው፣ ወደ ታች የሚወርድ ሥር።

የደረቀ ፀደይ ሥርን ወደ ታች ይሰዳል። ይህ ጥቁር የሣር ምድር አፈር በየ30 ሳንቲ ሜትሩ እስከ 50 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ውኃ ይይዛል። በቆሎው ገና ወንዴ አበባ አላወጣም። ስለዚህ አለቀለት የሚለውን አልቀበልም። ደህና ነው ለማለትም ጊዜው ገና ነው።

ሳተላይት_ተመልካች | ሊንከን፣ ነብራስካ | ጁን 27 ቀን 2023

ወንድሜ፣ እጅግ ጠቃሚ ክር ነው። አንድ ነገር ልጨምር። የሰኞው ቁጥር መሣሪያ የለካው አይደለም። በየወረዳው ያሉ የግብርና ባለሙያዎችና ታዛቢዎች ማሳውን በዓይናቸው አይተው በጣም መጥፎ፣ መጥፎ፣ መካከለኛ፣ ጥሩ፣ በጣም ጥሩ ከሚሉት አምስት ደረጃዎች የሚመድቡት ነው። የተጠቀለለ ቅጠል ያየ ታዛቢ ደረጃውን ይቀንሳል። ሥሩ ምን ያህል እንደወረደ ግን በመንገድ ዳር ሆኖ ማንም አያይም።

የሐሙሱ ካርታ የሚዘጋጀው እኔ በምማርበት ከተማ ያለው ብሔራዊ የድርቅ ማዕከል ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር ሆኖ ነው፤ ከ1999 ጀምሮ። እስከ ማክሰኞ ጠዋት ድረስ ያለውን መረጃ ይይዛል፤ ረቡዕ ማታ የዘነበ ዝናብ በሐሙሱ ካርታ ላይ የለም። ብዙ ሰው ይህን ሳያስተውል ይሟገታል።

ሳተላይትም ቢሆን አረንጓዴነትን የሚለካው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ቅጠሉ ተጠምቶም ለቀናት አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ቀድሞ የሚናገረው የቅጠሉ ሙቀት ነው፤ ውኃ ያጣ ተክል አያልበውም፣ ስለዚህ ይግላል። እኔ የማየው የሙቀት ምስል የእናንተን አካባቢ ቀይ አድርጎታል፤ ከምትለው ሥር ጋር ግን አይጋጭም። ቀን እየተጨነቀ ሌሊት የሚያገግም ተክል ነው ያለህ ይመስለኛል። በማለዳ ቅጠሉ ተዘርግቶ ታየዋለህን?

የማሳ_ዘብ | ጁን 27 ቀን 2023

አዎን፣ ጎሕ ሲቀድ ሄጄ አይቻለሁ። ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ነው የሚያድረው፣ ጤዛም ይዟል። ከጠዋት ጀምሮ ተጠቅልሎ የሚያነጋ በቆሎ ካየሁ ያን ጊዜ ሌላ ወሬ እጽፋለሁ።

ከባድ_መኪና | ዴሞይን፣ አይዋ | ጁን 28 ቀን 2023

ልጆቼ፣ ግብርና አልተማርኩም። ነገር ግን ለ19 ዓመት በዚህ አገር ከባድ መኪና ነድቻለሁ፤ ከዚያ ውስጥ ብዙውን እህል ነው የጫንኩት። የ2012ን ዓመት በዓይኔ አይቻለሁና እባካችሁ አትዘናጉ።

ያኔም በጁን መጨረሻ ሰው ሁሉ ገና ነው ሲል ነበር። ቁጥሩን ልጄ ፈልጎ አወጣልኝ፦ በጁን 24 ቀን 2012 ጥሩና በጣም ጥሩ የተባለው በቆሎ 56 በመቶ ነበር። ከዘንድሮው ይበልጣል! ከዚያ ጁላይ መጣ። በዚህ አገር የሙቀት መዝገብ ከተጀመረ ከ1895 ወዲህ እስከዚያ ድረስ እንደዚያ የሞቀ ወር አልነበረም። ነሐሴ ሲገባ ቁጥሩ 23 በመቶ ደረሰ።

አንድ ገበሬ መኪናዬን አስቁሞ የሚጭነው ሳይኖረው አንዲት የበቆሎ ራስ ልጦ አሳየኝ። ቆረቆንዳው ላይ ፍሬው እንደ ሽማግሌ ጥርስ እዚህም እዚያም ነበር። አገዳው አረንጓዴ ነው፣ ቁመቱም ያምራል፤ ሲልጡት ግን ባዶ። ሰውየው ምንም አልተናገረም፤ የልጣጩን ገለባ በእጁ ሲያሽ ቆየና ወደ ቤቱ ሄደ። በዚያ ዓመት አንድ ቡሼል በቆሎ (25 ኪሎ ያህል ነው) ከ8 ዶላር በላይ ተሽጧል፤ የሚሸጥ እህል ለሌለው ግን ዋጋው ምን ይፈይድለታል።

የማሳ ዘብ፣ ለእነዚያ ሰዎች የምትነግራቸውን ቃል ተጠንቀቅ። ተስፋም ሥጋትም ያለ ማስረጃ ሲሰጥ ያው ነው።

የማሳ_ዘብ | ጁን 28 ቀን 2023

ጋሼ፣ የተናገሩት ልቤን ነክቶታል፤ አመሰግናለሁ። ያመጡት ቁጥር ደግሞ ከእኔ ጽሑፍ ሁሉ ይበልጣል። በ2012 በሰኔ 56 በመቶ የነበረው ሰብል በመጨረሻ በኤከር 123.1 ቡሼል ብቻ ሰጠ፤ ወደ አገራችን መለኪያ ሲመለስ በሄክታር 77 ኩንታል አካባቢ ነው። አኩሪ አተሩ 40 ቡሼል ሰጠ፤ 27 ኩንታል ገደማ። የሰኔ ቁጥር ስለ ሰኔ ብቻ ነው የሚናገረው።

ያ ገበሬ ያሳየዎት ባዶ ቆረቆንዳ የተበላሸው በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። የበቆሎ ፀጉር የምንለው እያንዳንዱ ክር ከአንድ ፍሬ ጋር የተያያዘ ነው። ከአገዳው ጫፍ የሚረግፈው የወንዴ አበባ ዱቄት ክሩ ላይ ካላረፈ ያቺ ፍሬ የለችም። በድርቅ ጊዜ ወንዴው አበባ በቀኑ ይወጣል፣ ፀጉሩ ግን ውኃ አጥቶ ይዘገያል፤ ሲወጣ ዱቄቱ ረግፎ አልቋል። የ2012 በቆሎ ፀጉር ያወጣው በዚያ በሚያቃጥል ጁላይ ላይ ነበር። የእኛው በቆሎ ወደዚያ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። የምጠብቀውም የምፈራውም እሱን ነው።

ዶሮ_አርቢዋ | ቢሾፍቱ | ጁን 29 ቀን 2023

እኔ የምኖረው ከእናንተ ማሳ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቄ ነው፤ ክሩን ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩት። ሁለት ሺህ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሉኝ። ከወጪዬ ትልቁ መኖ ነው፣ በመኖው ውስጥ ደግሞ በቆሎና የአኩሪ አተር ፋጉሎ። የእኛ አኩሪ አተር ከመተከልና ከወለጋ ይመጣል፤ ታዲያ ኢሊኖይ ውስጥ ዝናብ መጥፋቱ እኔን እንዴት ይነካኛል? ነጋዴው ዋጋ ሲጨምር «የውጭ ገበያ ነው» ይለኛል። እውነት ነው ወይስ ማመካኛ?

ሳተላይት_ተመልካች | ጁን 29 ቀን 2023

እህቴ፣ ከፊሉ እውነት ነው። አኩሪ አተር ከኢትዮጵያም ወደ ውጭ ይላካል። የዓለም ዋጋ ሲወጣ ላኪው ለገበሬው የተሻለ ይከፍላል፤ ፋጉሎ የሚያመርተው ፋብሪካ ደግሞ ከላኪው ጋር ይሻማል። በ2012 መስከረም ላይ አኩሪ አተር በቺካጎ ገበያ በቡሼል ከ17 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። ነገር ግን ይህ ተጽዕኖ ለመድረስ ወራት ይወስዳል። ዛሬ ቺካጎ ላይ የተሰማ ወሬ ነገ ቢሾፍቱ ላይ የኩንታል ዋጋ የሚያስጨምርበት ምክንያት አይታየኝም።

የማሳ_ዘብ | ጁን 30 ቀን 2023

ትናንት ዝናብ መጣ። አመጣጡ ግን በጦር ነበር። ከአይዋ እስከ ኢንዲያና የዘለቀ ብርቱ ነፋስ ያዘለ ማዕበል አለፈብን። መብራት ጠፍቷል፣ ዛፍ ወድቋል፣ አንድ ደንበኛዬ የጎተራው ጣራ ሄዶበታል።

ጠዋት ስደርስ ሰፊ የበቆሎ ማሳ በአንድ አቅጣጫ ተኝቶ አገኘሁት፤ የማሳው ባለቤት መኪናው ላይ ተደግፎ ቆሟል። ዝናብ መለኪያውን ከአጥሩ ላይ አወረድን፤ 41 ሚሊ ሜትር። ከሚያዝያ ወዲህ በአንድ ቀን እንዲህ ያለ አላየንም። ሁለታችንም መለኪያውን ይዘን የተኛውን በቆሎ እያየን ምን እንደምንል ጠፋን።

ወንዴ አበባ ሳያወጣ የተኛ በቆሎ፣ አገዳው እስካልተሰበረ ድረስ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጎንበስ ብሎ ይነሣል፤ ታችኛው አንጓ እንደ ዝይ አንገት ይጎብጣል እንጂ። ሃምሳ አገዳ ቆጠርን፣ የተሰበረው ሦስት ነው። ለሰውየው ይህን ነግሬው ነው የሄድኩት።

ባኮ_ልጅ | ምዕራብ ሸዋ | ጁላይ 3 ቀን 2023

ሰላም፣ ከባኮ አካባቢ ነኝ። የበቆሎ ምርምር ማዕከላችን ያለበት ስለሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ ያደግኩት በበቆሎ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። በወረዳ የግብርና ባለሙያነት እሠራለሁ። ዘንድሮ የምንፈራው ከእናንተ ተቃራኒ ነው።

የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር በጁን 8 ኤልኒኖ (የፓሲፊክ ውቅያኖስ ሲሞቅ የዓለምን ዝናብ የሚያዛባው ክስተት) መጀመሩን አስታውቋል። ኤልኒኖ ወደ እናንተ በበጋው ዝናብ ሊያደላ ይችላል፤ በእኛ ክረምት ላይ ግን በተለይ በሰሜኑና በመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል ዝናቡን ይቀንሳል። በእኛ አቆጣጠር የ2007ን ክረምት ማን ይረሳል? ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ የሆነው በዚያ ዓመት ነው። እኛ በምዕራብ ያለነው ብዙ ጊዜ እንተርፋለን፤ ሥጋቱ ዝናቡ ጠቅላላ መቅረቱ ሳይሆን በአበባ ጊዜ አሥራ አምስት ቀን መቋረጡ ነው። ቢኤች 661 ዓይነቱ ረጅም ጊዜ የሚወስድ ዝርያ ከተያዘ ደግሞ መዘግየት አይችልም። ቆላው ላይ መልካሳ 1ን ወይም መልካሳ 2ን የመሰሉ ቶሎ የሚደርሱ ዝርያዎች አሉ፤ የኛ ገበሬ ግን ምርታቸው አነስ ስለሚል ይተዋቸዋል።

የምጠይቅህ ይህ ነው፦ ፍሬው መያዙን ከሁለት ሳምንት በፊት ማወቅ ይቻላል? እኛ ብዙ ጊዜ የምናውቀው እሸት ስንጠብስ ነው።

የማሳ_ዘብ | ጁላይ 17 ቀን 2023

ባኮ ልጅ፣ መልሱን ያዘገየሁት ከማሳ ይዤው ልመጣ ብዬ ነው። ዛሬ ይኸው።

ዝናብ ከማዕበሉ በኋላ ሁለት ጊዜ ጣለ፤ ብዙ አይደለም፣ ግን በወቅቱ ነው። የተኛው ማሳ ተነሥቷል። ወንዴ አበባው ወጥቷል፣ ፀጉሩም አብሮ ነው የወጣው። ዋናው የምሥራች ይህ ነው፤ ፀጉሩ አልዘገየም።

ፍሬ መያዙን እንዲህ ታውቃለህ። ፀጉር ካወጣ አንድ ሳምንት ያህል የሆነውን ራስ ከአገዳው ላይ ቁረጥ። ልጣጩን በስለት ከታች እስከ ላይ ርዝመቱን ተከትለህ ሰንጥቅ፤ ፀጉሩን እንዳትነቅል ቀስ በል። ከዚያ ልጣጩን ገፍተህ ራሱን ከግርጌው ይዘህ ቀስ አድርገህ አወዛውዘው። ዱቄት የደረሰው ክር ሥራውን ጨርሷልና ይረግፋል። ያልደረሰው ግን ከፍሬው ጋር ተጣብቆ ይቀራል። የረገፈው ብዛት የፍሬህ ብዛት ነው።

ዛሬ በአሥር ቦታ አሥር ራስ አየሁ። ፀጉሩ እንደ ሕፃን ጸጉር በመዳፌ ላይ ረገፈ። በዘጠኙ ጫፉ ላይ ከሁለት ጣት ያነሰ ብቻ ነው ክር የቀረው። አሥረኛው ከመንገድ ዳር፣ መኪና ከረገጠው ጠንካራ መሬት ነው፤ ግማሹ ቀርቷል። መንገድ ዳር ያለውን በቆሎ አይቶ ስለ ማሳው የሚፈርድ ሰው የሚሳሳተው እንዲህ ነው።

እዚህ የሚቆጥሩ ሰዎች ስላሉ ዘዴውን ልንገራችሁ፦ ረድፎቹ 76 ሳንቲ ሜትር በሚራራቁበት ማሳ በአንድ ረድፍ 5.3 ሜትር ለካ፤ የኤከር አንድ ሺህኛ ነው። በዚያ ውስጥ ያለውን ራስ ቁጠር። ከጥቂት ራሶች የረድፉን ብዛትና በረድፍ ያለውን ፍሬ ቁጠር፤ ረድፉ ሁልጊዜ ተጋማሽ ቁጥር ነው፣ 14፣ 16፣ 18። ሦስቱን አባዝተህ ለ90 አካፍል፤ በኤከር የሚገኘውን ቡሼል ይሰጥሃል። ዋናው ቆጠራ ፍሬው ካበጠ በኋላ ነው የሚሠራው፤ በነሐሴ እመለስበታለሁ።

ወለተ_ገበሬ | ደቡብ ዳኮታ | ጁላይ 20 ቀን 2023

በኢሊኖይ መዝነቡ ደስ ይላል። በእኛ በኩልና በሚኒሶታ ብዙ ቦታ ግን ገና ነው። ከሱ ፎልስ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የወተት ላሞች እርባታ ውስጥ በመኖ ክፍል ነው የምሠራው። ስለ ደረቀ በቆሎ አንድ ነገር ካልተናገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ፍሬ አልያዘም ተብሎ በአረንጓዴው የሚታጨድ በቆሎ ለከብት ይሆናል፤ ግን አደጋ አለው። ተክሉ ሲጠማ ናይትሬት (ሲበዛ ከብት የሚመርዝ ንጥረ ነገር) ከአፈር ይወስዳል፣ መጠቀም ግን አይችልም፤ በአገዳው ታችኛው ክፍል ይከማቻል። በተለይ ከረጅም ድርቅ በኋላ ዝናብ እንደጣለ ወዲያው ማጨድ አይገባም፤ ቢያንስ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይጠበቅ። ሲታጨድም ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ነው። ገፈራ ሆኖ (አየር በማይገባበት ጎተራ ታፍኖ) ከተብላላ ናይትሬቱ ይቀንሳል፤ ሳይመረመር ግን ለከብት አይቅረብ።

ከሁሉ የከፋው ጋዙ ነው። ገፈራ በተሞላ ሰሞን ቢጫ ወደ ቡና የሚያደላ ጋዝ ይወጣል፤ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይተኛል፣ ሰው ይገድላል። በሞላ በሦስት ሳምንት ውስጥ ወደ ጎተራው ማንም አይግባ። እኔ አንድ ጊዜ በሩን ልከፍት እጄን ስዘረጋ አንድ አዛውንት ሠራተኛ ከኋላዬ ክንዴን ይዞ ጎተተኝ። ዛሬ ይህን የምጽፈው በዚያ ምክንያት ነው።

ሌላው፣ መድን ያለው ገበሬ ገማቹ መጥቶ ማሳውን ሳያይ አንድ አገዳ እንኳ ማጨድ የለበትም።

የማሳ_ዘብ | ጁላይ 21 ቀን 2023

ወለተ ገበሬ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ይህን ገጽ ለሁለት ደንበኞቼ በስልክ ተርጉሜ ነገርኳቸው። ሁሉም የእኔ ማሳ እንደዚያ ጥቁር አፈር አይደለም፤ በኢሊኖይ ወንዝ ዳር በሜሰን ወረዳ አሸዋማ መሬት አለ፣ የሚይዘው ውኃ ከጥቁሩ ግማሽ አይሞላም። እዚያ በመስኖ ካልሆነ በቀር ሐምሌ ሳይጋመስ ነገሩ ይለይለታል። መስኖ ያልደረሰባቸውን የማሳ ማዕዘኖች ሳይ ከታች እስከ ወገቤ ድረስ ቅጠሉ ደርቆ ይንኮሻኮሻል።

የማሳ_ዘብ | ኦገስት 26 ቀን 2023

ከኦገስት 19 ጀምሮ ሙቀቱ ተጭኖን ሰነበተ፤ ከሙቀቱ ይልቅ የአየሩ እርጥበት ነው ትንፋሽ የሚያሳጣው። ዛሬ ቀለል ብሏል። በዚህ ሳምንት ስለ በቆሎ ብዙ አልጽፍም፣ የቀረው ክብደቱን መሙላት ነው። የአኩሪ አተሩ ጊዜ ነው።

አኩሪ አተር ከበቆሎ የተለየ ጠባይ አለው። በቆሎ የሚፈተነው በአንድ ጊዜ ነው፤ አኩሪ አተር ግን ለሳምንታት ያብባል። በደህናው ዓመት እንኳ ከአበባው ከግማሽ በላይ ይረግፋል፤ ዝናብ ሲመለስ ደግሞ ሌላ ያብባል። ስለዚህ በሰኔ ያዘንኩለት የአጭር ቁመት አኩሪ አተር ዛሬ ጉልበቴ ላይ ሳይሆን ወገቤ ላይ ነው የሚደርሰው። የሚወስንለት ፍሬውን የሚሞላበት የነሐሴ ዝናብ ነው። በ2012 እንኳ በነሐሴ መጨረሻ የአይዛክ ማዕበል ቅሪት ያመጣው ዝናብ ዘግይቶ ለደረሰው አኩሪ አተር ረድቶታል፤ በቆሎው ግን ያን ጊዜ አልቆ ነበር።

በሙቀቱ ቀናት ቅጠሎቹ ገልበጥ ብለው ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጡ፤ ከሩቅ ማሳው ብር የፈሰሰበት መስሎ ነበር። ይህ ራስን መከላከል ነው። ያሳሰበኝ በምዕራቡ ዳር፣ ከሣሩ አጠገብ ያለው ቢጫ ነጥብ ነው። ነጭ ወረቀት ከሥሩ ይዤ ቅጠሉን በመዳፌ መታ መታ አደረግሁ። ወረቀቱ ላይ ከአቧራ የማይለዩ ነጠብጣቦች ረገፉ፤ ትንሽ ጠብቄ ሳይ ይንቀሳቀሳሉ። በድርቅ ጊዜ የሚባዙት ሸረሪት መሰል ጥቃቅን ተባዮች ናቸው። በጣት ሳሻቸው አረንጓዴ ጭረት ቀረ። ወደ ውስጥ 30 እርምጃ ገብቼ ደገምኩ፤ ወረቀቱ ንጹሕ ነው። ስለዚህ ዳር ዳሩን ብቻ እንዲረጭ ነገርኩት። ሁሉን ቢረጭ ተባዩን የሚበሉትንም ነፍሳት ይጨርሳቸው ነበር።

ቃል የገባሁት ቆጠራ፦ ያ በማዕበል የተኛው ማሳ፣ 31 ራስ፣ 16 ረድፍ፣ በረድፍ 33 ፍሬ። ለ90 ሳካፍል 182 ቡሼል። ፍሬው በሙቀቱ ቀጭኖ ከቀረ በ100 ነው የሚካፈለው፣ 164 ይሆናል። ለባለቤቱ ሁለቱንም ቁጥር ጻፍኩለት፤ አንዱን ብቻ መስጠት አልፈለግሁም።

ከባድ_መኪና | ኦገስት 27 ቀን 2023

እንዲህ ነው የሚነገረው ልጄ፤ ሁለቱንም። በእኛ በኩል አንዳንዱ ያምራል፣ ከአንድ ማይል በኋላ ደግሞ ቢጫ ነው። በመንገዱ ላይ ዝናቡ የት እንደቆመ በጣቴ ላሳይህ እችላለሁ።

የማሳ_ዘብ | ሴፕቴምበር 16 ቀን 2023

እንኳን ለ2016 ዓ.ም. አደረሳችሁ! በዓሉን በማሳ ውስጥ ነው ያሳለፍኩት። በፍሬዎቹ ግርጌ ጥቁር ነጥብ ታየ፤ ይህ ማለት በቆሎው መጥባቱን አቁሟል፣ ከአሁን በኋላ ዝናብ ቢመጣም አይጨምርለትም።

ሰሞኑን የማደርገው ሥራ አገዳ መጭመቅ ነው። ከታችኛው አንጓ በላይ በሁለት ጣት እጫናለሁ፤ ውስጡ ባዶ ሆኖ ከገባልኝ ተክሉ ፍሬውን ለመሙላት የራሱን አገዳ በልቷል ማለት ነው፣ ነፋስ ሲመጣ ይወድቃል። ከመቶ አገዳ ከ10 እስከ 15 የሚሆን ከተሰበረ ያ ማሳ ቀድሞ ይታጨዳል። በአሸዋማው መሬት 40 አገኘሁ፤ በማግሥቱ ማጨጃው ገባበት። የተጨነቀ በቆሎ ላይ አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ የሚያመነጭ ሻጋታ ስለሚበዛ ከዚያ ማሳ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ልከናል፤ ውጤቱ ከተፈቀደው 20 ፒፒቢ (ከቢሊዮን 20 ክፍል) በታች ነው የመጣው። ዶሮ አርቢዋ፣ ይህን አንቺም ልብ በይው፤ መኖሽ ውስጥ የሚገባውን በቆሎ ሽተሽና በእጅሽ አሽተሽ ብቻ አትቀበይ። ሻጋታው ባይታይም መርዙ ሊኖር ይችላል።

ዶሮ_አርቢዋ | ሴፕቴምበር 17 ቀን 2023

ወንድሜ አመሰግናለሁ። ባለፈው ወር እንቁላል የቀነሰብኝ ጊዜ በሽታ ነው ብዬ መድኃኒት ገዛሁ። አሁን የቀረውን መኖ ለማስመርመር ወስኛለሁ።

የማሳ_ዘብ | ጃንዋሪ 13 ቀን 2024

ትናንት የግብርና ሚኒስቴሩ የዓመቱን የመጨረሻ ቁጥር አወጣ። የአገሪቱ በቆሎ በኤከር 177.3 ቡሼል፤ በሄክታር 111 ኩንታል ገደማ። እስከዚያ ዓመት ድረስ በአሜሪካ ታሪክ ከፍተኛው ነበር። አኩሪ አተሩ 50.6 ቡሼል ሆነ፣ 34 ኩንታል አካባቢ።

ጋሼ፣ እርስዎ በሰኔ ያመጡትን ቁጥር ከጎኑ ጽፌ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ። በ2012፣ 56 በመቶ ተነሥቶ 123.1። በ2023፣ 50 በመቶ ተነሥቶ 177.3። የተኛው ማሳ 188 ሰጠ። መስኖ ያልደረሰው የአሸዋማው መሬት ማዕዘን ግን 60 እንኳ አልሞላም፤ የዚያ ሰው ኀዘን በብሔራዊው ቁጥር ውስጥ አይታይም።

ከባድ_መኪና | ጃንዋሪ 13 ቀን 2024

ተመስገን። ዘንድሮ ስጭን የመኪናው ጎማ ድምፁ ራሱ ከባድ ነበር።

ባኮ_ልጅ | ጃንዋሪ 15 ቀን 2024

ደስ ብሎኛል። የእኛ ምዕራቡ እንደፈራሁት አልሆነም፣ በአበባ ጊዜ ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው የተቋረጠው። በሰሜን ግን፣ በትግራይና በሰሜን አማራ ወገኖቻችን ድርቅ ላይ ናቸው፤ ለእናንተ ዝናብ ሊያደላ የሚችለው ኤልኒኖ ነው እዚያ ዝናቡን የቀነሰው። ይህን እያወቅሁ ዝም ብዬ ደስ ሊለኝ አልቻለም።

ያሳየኸንን የፀጉር ሙከራ ከ14 ገበሬዎች ጋር ሠርተናል። አንዲት እናት ፀጉሩ ሲረግፍ አይተው «ስለዚህ ልጄ፣ እሸቱን ሳልቆርጥ ነው ያወቅሁት ማለት ነው» አሉኝ። ለመጪው ሚያዝያ ዝናብ መለኪያ ለየቀበሌው እንዲኖር ጠይቄያለሁ፤ እስኪመጣ ድረስ ከውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጬ ሠርቼአለሁ። ማስመሪያ ለጥፌበታለሁ። ከዛፍ ምን ያህል ራቅ ብሎ ይተከል?

የማሳ_ዘብ | ጃንዋሪ 15 ቀን 2024

ከዛፉ ቁመት ቢያንስ ሁለት እጥፍ ይራቅ፤ አፉም ከአጥሩ እንጨት በላይ ይሁን፣ አለበለዚያ ከእንጨቱ የሚረጨው ይገባበታል። የጠርሙሱ ግርጌ ጎድጓዳ ስለሆነ መጀመሪያ ውኃ እስከ ዜሮ መስመሩ ሙላው። ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ አንብበው። የመጀመሪያውን ዝናብ ስትለካ እዚሁ ጻፍልን።